ከሂላው እስከ ኮምፓይለሩ

በምዕራብ ጎንደር፣ በአብደራፊ ቆላ ሰሊጥ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ በሰኔና በሐምሌ ነው፤ የሚታጨደው ደግሞ መስከረም ተገባዶ ጥቅምት ሲጠባ። ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው። ፍሬውን የያዘው ልባስ ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ ጨርሶ ሳይደርቅ ይታጨዳል፤ በነዶ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ይሆንና እዚያው ማሳው ላይ ቆሞ ይደርቃል። ሂላው ላይ ዝናብ ከጣለበት ፍሬው ቀለሙን ያጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል። የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ በገበያ ስም ያወጣው በነጭነቱ ነውና፣ ለባለማሳውም ሆነ ከደጋ ለአጨዳ ለወረደው የቀን ሠራተኛ «በዚህ ሳምንት ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

የጥያቄው መልስ ዛሬ በሰማይ እያዩ ከመገመት በተጨማሪ ከኮምፒውተርም ይመጣል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቻችን ከሚጠቀሙባቸው የአየር ትንበያ ሞዴሎች አንዱ ደብሊውአርኤፍ ይባላል። ይህ ሶፍትዌር እንደ ስልክ አፕ ወርዶ በአንድ ጠቅታ የሚጫን አይደለም። በአብዛኛው በፎርትራን የተጻፈ ሶርስ ኮድ ነው፤ ተጠቃሚው በገዛ ማሽኑ ላይ ራሱ ኮምፓይል ያደርገዋል፣ ማለትም ኮምፓይለር በተባለ ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ለኮምፓይለሩ ፍላግ የሚባሉ አጫጭር ትእዛዞች ይሰጠዋል። «ኦ-2» ሲለው ፕሮግራሙን አፍጥነው ማለቱ ነው። «ጂ» ሲለው ስህተት ቢመጣ ዱካውን የምከተልበት ምልክት ተውልኝ፣ «ማርች ኔቲቭ» ሲለው ፕሮግራሙ የሚሠራው አሁን በተቀመጥኩበት ኮምፒውተር ላይ ነውና ያለውን አቅም ሁሉ ተጠቀም፣ «ፋስት ማዝ» ሲለው ደግሞ ለፍጥነት ስትል የሒሳቡን ደንብ ትንሽ ብታልፈውም አልከስህም ማለቱ ነው።

እንዲህ ሲታይ ፍላግ ከትእዛዝነቱ ይልቅ ዋስትናነቱ ያመዝናል። ፍላጉን የጻፈ ሰው ስለ ማሽኑ፣ ስለ ኮዱና ስለ መረጃው ለኮምፓይለሩ ዋስ ይሆናል፤ ኮምፓይለሩም ዋስትናውን አምኖ፣ ሳያጣራ ይሠራል። ችግሩ ዋሱ ጠፍቶ ዕዳው ሌላ ሰው ላይ መውደቁ ነው። ፍላጉ የተጻፈው አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ፕሮግራሙ የሚሰበረው ደግሞ ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር፣ በሌላ ማሽን፣ በሌላ ፊደል ላይ ይሆናል። የኮምፓይለር ፍላግ ታሪክን ከዚህ አንጻር ያየው ሰው ጥቂት ነው። እኛ፣ በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ የምንገኝ፣ ልናየው ይገባል ባይ ነኝ።

ኮምፒውተርና የአየር ትንበያ ከጥንት የተሳሰሩ ናቸው። ጁል ቻርኒና ጆን ቮን ኖይማን ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1950 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ኢኒያክ በተባለው ግዙፍ ማሽን የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ትንበያ ሲሠራ፣ የ24 ሰዓቱን አየር ለመተንበይ 24 ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል፤ ትንበያው ሲደርስ አየሩም ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ኮምፓይለር አልነበረም። በ1957 በጆን ባከስ የሚመራው የአይቢኤም ቡድን ፎርትራንን ለአይቢኤም 704 ሲያወጣ፣ ትልቁ ስጋቱ ፕሮግራመሮች «ሰው በእጁ ከሚጽፈው የማሽን ኮድ ይዘገያል» ብለው እንዳይንቁት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የፎርትራን ኮምፓይለር ገና ሲወለድ ጀምሮ ኮድ አፍጣኝ ነበር። ዛሬ «ኦ-2» እና «ኦ-3» እያልን የምንጽፋቸው ፍላጎች የዚያ ስጋት ልጆች ናቸው። ደብሊውአርኤፍ እስከ ዛሬ በፎርትራን መጻፉም ሽማግሌ ወዳድነት አይደለም፤ ቁጥር በማፍጨት ረገድ ፎርትራን አሁንም ከቀዳሚዎቹ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ የኤምአይቲ ሊቅ በቢሮው ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ቀለል ያለ የአየር ሞዴል ያሠራ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ያለውን ውጤት ደግሞ ሊያየው ፈለገና ማሽኑ ቀደም ሲል ያተመለትን ቁጥር አስገባ። ማሽኑ በሆዱ የያዘው 0.506127 ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያተመው ግን 0.506 ብቻ። ሎሬንዝ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ሁለቱ ትንበያዎች መጀመሪያ አብረው ሄደው፣ ቀስ በቀስ ተለያይተው፣ በመጨረሻ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና አልነበረውም። ልዩነቱ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በፍልስፍና ለዛ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ሲደምር ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል፤ ሦስት ቁጥሮችን ከግራ ወደ ቀኝ ደምሮ የሚያገኘውና ከቀኝ ወደ ግራ ደምሮ የሚያገኘው በመጨረሻዋ አኃዝ ሊለያይ ይችላል። «ፋስት ማዝ» ለኮምፓይለሩ «ቅደም ተከተሉን እንደ ፈለግህ አዙረው» የሚል ፈቃድ ነው። ስለዚህ አንድ ሞዴል፣ በአንድ ቀን መረጃ፣ በአንድ ማሽን ላይ፣ በፍላግ ብቻ ተለያይቶ ሁለት የተለያዩ አየሮች ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሚቲዎሮሎጂስቶች ራሳቸው ሆን ብለው መነሻውን እያወዛወዙ ብዙ ትንበያ ጎን ለጎን ያሠራሉ። ጉዳቱ ሌላ ዘንድ ነው፦ ውጤቱ ሲለወጥ የቁጥር መጠጋጋት ይሁን የኮድ ስህተት መለየት አይቻልም። ከዚያ የባሰም አለ። ሞዴሉ ሲያብድ፣ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል እንደሚወጣው ያለ፣ ቁጥር ያልሆነ ቁጥር ያወጣል፤ ጠንቃቃ ፕሮግራመር «ይህ ቁጥር ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ መስመር ያስገባል። «ፋስት ማዝ» ግን ቁጥር ያልሆነ ነገር ፈጽሞ አይመጣም የሚል ዋስትና ስለሚጨምር፣ ኮምፓይለሩ ያችን ጥያቄ አያስፈልግም ብሎ ሊያወጣት ይችላል። ያበደው ሞዴል ዝም ብሎ ካርታውን ይስላል።

የኮምፓይለሩ የዋህነት በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። በ2009 በሊነክስ ከርነል ውስጥ አንድ የደኅንነት ፍተሻ ሶርሱ ላይ በግልጽ ተጽፎ እያለ፣ ኮምፓይለሩ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ከተጠናቀቀው ፕሮግራም ውስጥ አውጥቶት ተገኘ። ሶርሱን ያነበበ ሰው ፍተሻውን ያየዋል፤ ማሽኑ ግን አላየውም። የከርነሉ ሰዎች መፍትሔው ያንን ማፍጠኛ የሚከለክል ፍላግ መጨመር ሆነ።

ወደ ኋላ እንመለስ፤ ዛሬም የሚያስቸግረን አንድ ነገር እዚያ አለ። በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላቦራቶሪ ሜክ የተባለውን መሣሪያ የጻፈው፣ አንድ የሥራ ባልደረባው አንድ ጠዋት ሙሉ ስህተት የሌለበትን ፕሮግራም ሲያርም ካረፈደ በኋላ ነው። ስህተቱ ተስተካክሏል፤ የተስተካከለው ፋይል ግን እንደገና ኮምፓይል አልተደረገም ነበር። ሜክ ይህን ፈታ፦ የፋይሉን የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት አይቶ የተለወጠውን ብቻ እንደገና ይሠራል። ሰዓት እንጂ ፍላግ ግን አያይም። ፍላግ ቀይረህ ሜክ ብትለው፣ ሶርሱ ስላልተነካ «ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው» ብሎ ይመልስልሃል፤ ወይም ይባስ ብሎ ግማሹን በአሮጌው፣ ግማሹን በአዲሱ ፍላግ አገጣጥሞ ይሰጥሃል። ፍላግ ሲቀየር መጀመሪያ የቀድሞውን ሥራ ማጽዳት የሚገባው ለዚህ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የቆየ ቀዳዳ ነው፤ ዛሬም ስንቱ ይወድቅበታል።

ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት በ1983 አወጀ፣ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር በ1987 ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፓይለር በነጻ የሚገኝ ነገር ሆነ። በ1991 አውቶኮንፍ የተባለው መሣሪያ ሲመጣ፣ ሶርስ ለሚያወርድ ሁሉ «ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ሜክ ኢንስቶል» የምትለው ሦስት ደረጃ ልማድ ሆነች። ለእኛ ይህ ማለት ኮምፓይለር ለመግዛት ዶላር አያስፈልግም ማለት ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከነዚህም ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ ፊደልን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ይታገሉ ነበር፤ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም፣ እኔም አልገባበትም። እንቅፋቱ ለሁሉም አንድ ነው። በዘመኑ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ አለው፣ ከዚያም ግማሹ በላቲን ተይዟል። የዓለምን ፊደላት የሚመዘግበው ዩኒኮድ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የኛን ፊደል ሲቀበል የመዘገበው 345 ምልክት ነው፤ ይህን በቀረው ግማሽ ቦታ ውስጥ ለመጠቅጠቅ አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለ፣ ሌላው ቅጥያዎቹን ነጥሎ ገጣጠመ። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ብራና፣ አጋፋሪ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ያን ጊዜ በጋዜጣ ቤት የሠራ ሰው፣ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የሚወጣውን ጉድ ያስታውሳል።

በነጻው ሶፍትዌር በኩል ሌላ መንገድ ይጠረግ ነበር። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደልን በላቲን ሆሄ የሚወክለውን ሴራ የተባለ ሥርዓት አወጡ፤ ዳንኤል ከዮናስ ፍስሐ ጋር በሲ ቋንቋ ሊብኤት የተባለ ላይብረሪ ጻፈ። ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ የኛን ፊደል አስገባ፤ በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ይዞት ወጣ። በዩኒክስ ማሽን ላይ በአማርኛ መጻፍ የፈለገ ተማሪ ያኔ ሶርሱን አውርዶ፣ በዩኒቨርሲቲው ማሽን ላይ ኮምፓይል ማድረግ ነበረበት። አንዳንዶቹ የመጀመሪያ የፍላግ ትምህርታቸውን የቀሰሙት የገዛ ፊደላቸውን ስክሪን ላይ ለማየት ሲሉ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። «ሀ» ዛሬ በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አመዘጋገብ ሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 136፣ 128። የሲ ቋንቋ ደንብ «ቻር» የተባለው የባይት ዓይነት አሉታዊ ቁጥር ይያዝ ወይም አይያዝ የሚለውን ለኮምፓይለሩ ትቶታል። በኢንቴል ማሽን ላይ ሊነክስ አሉታዊ ይይዛል ይላል፤ በአርም፣ ማለትም በአብዛኛው ስልክ ፕሮሰሰር፣ አይይዝም ይላል። ስለዚህ ያው «ሀ» ስልኩ ላይ 225፣ 136፣ 128 ሲሆን ላፕቶፑ ላይ −31፣ −120፣ −128 ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ምንም አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ሆሄ ሁሉ ከ128 በታች ነውና ሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። እንግሊዛዊው ፕሮግራመር ስህተቱን ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል። አማርኛ ግን አንድም ፊደል ከ128 በታች ባይት የለውም። 256 ቦታ ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ፊደሉን ሊፈልግ የሄደ ፕሮግራም −31ኛው ቦታ ላይ ይደርሳል፤ ማለትም ሰንጠረዡ ከመጀመሩ በፊት ያለ የሌላ ሰው ሜሞሪ ውስጥ። አንዳንዴ ይሰበራል፣ አንዳንዴ የማይታወቅ ነገር አንብቦ ዝም ይላል።

ባለሙያው መጀመሪያ ፎንቱን ይከሳል፣ ቀጥሎ ኪቦርዱን። ጥፋተኛው ሲገኝ ደግሞ ፈጣኑ መድኃኒት አንድ ፍላግ ነው፦ «አንሳይንድ ቻር» ብሎ ኮምፓይለሩን ባይቱ ሁሌ አዎንታዊ ይሁን ማለት። ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም። ፍላጉ የሚኖረው በአንድ ሰው የሜክ ፋይል ውስጥ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሶርሱን ብቻ ወስዶ ያለ ፍላጉ ቢሠራው የስህተቱ ሬሳ ይነሣል። ኮዱ ውስጥ ባይቱ አዎንታዊ መሆኑን በግልጽ መጻፍ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጨምረው።

ተመሳሳይ ወጥመድ በ«ሾርት ደብሊውቻር» አለ። ይህ ፍላግ የሰፊ ፊደል ማስቀመጫን ከ32 ወደ 16 ቢት ያሳጥረዋል፤ 16 ቢት ከ65,535 በላይ አይቆጥርም። ዋናው የፊደላችን ሰፈር ከ4,608 እስከ 4,991 ባለው ውስጥ ስለሆነ ለዓመታት ማንም አልተጎዳም። ዩኒኮድ በ2021 ባወጣው 14.0 እትም ግን ለጉራጌኛ ጽሕፈት የሚሆኑ 28 ፊደላት ከ124,896 ጀምሮ ባለው ሰፈር ገቡ። ያ ቁጥር ያለ ጥንቃቄ ሲቆረጥ 59,360 ይሆናል። ይህ ቦታ ዩኒኮድ ማንም ለግሉ እንዲጠቀምበት ክፍት የተወው ሰፈር ነው፤ ፎንቱ ያሻውን ምስል ያወጣል። የአማርኛ ጽሑፍ ይሠራል ተብሎ የተፈተነ ፕሮግራም ጉራጌኛ ላይ የሚሰበረው እንዲህ ነው። እኛም ለሌላው ሳናጣራ ዋስ እንሆናለን።

በጎ ዜናም አለ። በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 የተለዋዋጭ ስሞችን በቀጥታ በዩቲኤፍ-8 እንድንጽፍ ስለፈቀደ፣ በሲ ፕሮግራም ውስጥ «ዝናብ» ወይም «ሰሊጥ» የሚል ስም ያለ ምንም ልዩ ፍላግ ኮምፓይል ይሆናል። ይኸው ጂሲሲ 10 ግን በሌላ በኩል ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ ወደ ትንበያው የሚመልሰንም እሱ ነው።

የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት በአገራችን ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 መጨረሻ በወጣ አዋጅ ነው፤ ከዚያ በፊት በሲቪል አቪየሽን ሥር ነበር። ደብሊውአርኤፍ ለዓለም የቀረበው ከ2000 ወዲህ ነው። ዛሬ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ አንድ የማስተርስ ተማሪ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዝናብ ላይ ሊሠራ አሰበ እንበል። የመጀመሪያው ወር የሚያልፈው ዝናቡን ሳያይ፣ ተርሚናል ላይ አፍጥጦ ነው። ኮንፊገር ሲለው ረጅም ዝርዝር ይወጣል፤ ለጂኤንዩ ኮምፓይለርና ለብዙ ፕሮሰሰር የሚሆነው ብዙ ጊዜ 34ኛው ነው። ከዚያ ሁሉም ፍላግ የተዘረዘረበት አንድ ፋይል ይፈጠራል። ተማሪው ያንን ፋይል ከፍቶ መነካካት የጀመረ ዕለት ነው መከራው የሚጀምረው።

ገና ከደብሊውአርኤፍ በፊት ግን ላይብረሪዎቹ አሉ። ጂሲሲ 10 አንድን የፎርትራን ሩቲን በተለያየ የመረጃ ዓይነት መጥራትን፣ ድሮ በማስጠንቀቂያ ያልፈው የነበረውን፣ ወደ ስህተት አሳደገው። የድሮ የሳይንስ ኮድ በዚህ ልማድ የተሞላ ነው። ኤምፒክ የተባለው ላይብረሪ በቆዩ እትሞቹ ገና ኮንፊገር ላይ «ይህ ኮምፓይለር አንድን ሩቲን በተለያየ ዓይነት የሚጠሩ ፋይሎችን አያስተናግድም» ብሎ ይቆማል። ማረፊያው «አላው አርጊዩመንት ሚስማች» የተባለ ፍላግ ነው። ይህን ፍላግ አልቃወምም፤ የድሮውን ልማድ መልሶ ከመፍቀድ ያለፈ አዲስ ውሸት አይናገርም። ብዙዎች ግን ፍላጉን ለኮንፊገር ሰጥተው ለሚቀጥለው ላይብረሪ ይረሱታል፤ ወይም ኔትሲዲኤፍ የተባለውን ላይብረሪ በአንድ የጂሲሲ እትም፣ ሞዴሉን በሌላ ይሠሩና የፎርትራን ሞጁሉ አልነበብ ይላል። ከላይ እስከ ታች በአንድ ኮምፓይለር መሥራት ግድ ነው።

ሌላው ጠንቅ የማያስፈልግ የሚመስል ፍላግ ማጥፋት ነው። በዚያ ፋይል ውስጥ የባይት ቅደም ተከተል ከትልቁ ይጀምር የሚል ፍላግ አለ። ተማሪው «የእኔ ኢንቴል ከትንሹ ነው የሚጀምረው» ብሎ ያወጣዋል። ኮምፓይሉ ያልቃል፣ ፋይሎቹም ይወጣሉ። ሞዴሉ ሲነሣ ግን የጨረራ ስሌት የሚያነበውን ሰንጠረዥ ማንበብ አቅቶት ይቆማል። ፍላጉ የማሽኑን ጠባይ ሳይሆን፣ ሌሎች ሰዎች ከዓመታት በፊት አዘጋጅተው ከሞዴሉ ጋር የላኩትን የመረጃ ፋይል ጠባይ ነበር የሚናገረው።

ሁሉም ተሠርቶ ሞዴሉ ሲነሣ ወዲያው ሴግመንቴሽን ፎልት ብሎ ከሞተ፣ ፍላግ ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ስታኩን፣ ማለትም ለፕሮግራሙ የተመደበውን ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ ማየት ነው፤ ሊነክስ በተለመደው ለአንድ ፕሮግራም 8 ሜጋባይት ስታክ ብቻ ይሰጣል፣ ለዚህ ሞዴል አይበቃውም። ገደቡ ተነሥቶም ከሞተ፣ ኮንፊገሩን በትልቁ «ዲ» አማራጭ ማሠራትና ያለ ማፍጠኛ፣ ከነዱካ መከታተያው ኮምፓይል ማድረግ። እንደ ሸክም ይከብዳል፣ በጣም ይዘገያል፤ ግን የሞተበትን ፋይልና መስመር ይነግራል። «ኦ-0» ላይ የሚሠራ፣ «ኦ-3» ላይ የሚሞት ፕሮግራም ሲገጥም ኮምፓይለሩን መስደብ ይቀላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የኮዱ ነው፤ ማፍጠኛው ተደብቆ የነበረውን ነው ያወጣው። ኦብጀክት ፋይሎቹን ግማሹን በዝግታ፣ ግማሹን በፍጥነት እየሠሩ እየከፈሉ መሄድ አድካሚ ነው፤ ጥፋተኛውን ፋይል ግን ያገኛል።

ስለ ሎጉ ሁለት ቃል። ብዙ ሰው የመጨረሻውን መስመር ነው የሚያነበው። የመጨረሻው መስመር ለቅሶ ነው፤ ሟቹ ከላይ ነው። በብዙ ፕሮሰሰር ትይዩ ሲሠራ የስህተቱ መልእክቶች ይደበላለቃሉና በአንድ ብቻ ደግሞ ማሠራት፣ ሎጉን ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ፣ የመጀመሪያዋን ስህተት መፈለግ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ተሳክቶም ትንበያው ልክ ይሆናል ማለት አይደለም። የቆላው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ድንገት ተነሥቶ አንዱን ማሳ አጥቦ ጎረቤቱን የሚያልፍ ዓይነት ነው፤ እሱን መያዝ ለየትኛውም ሞዴል ከባድ ነው። ግን ሞዴሉ ሲሳሳት በፊዚክሱ ይሳሳት እንጂ በፍላጉ አይሳሳት።

የቀረው «ማርች ኔቲቭ» ነው፤ ለአብደራፊና ለመተማ ቆላ በቀጥታ የሚደርሰውም ይኸው ይመስለኛል። ኢንቴል ኤቪኤክስ-2 የተባሉትን ፈጣን የፕሮሰሰር ትእዛዞች ለሰፊው ገበያ ያቀረበው በ2013 ነው። በኋላም ቢሆን በፔንቲየምና በሴለሮን ስም የሚሸጡት ርካሽ ፕሮሰሰሮች ለዓመታት ሳይኖራቸው ቀርተዋል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ «ማርች ኔቲቭ» ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም በፍላሽ ተጭኖ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ አቧራና ሙቀት የጠገበችው ያገለገለች ኮምፒውተር «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብላ ትገላግለዋለች። የእጥረት መልእክት የለ፣ የፋይል ስም የለ፤ ሁለት ቃል ብቻ። ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው የነበሩት የኤክስኦ ትንንሽ ላፕቶፖችም በዚሁ መንገድ ተሰቃይተዋል፤ ጂዮድ የተባለው ፕሮሰሰራቸው ከ686 ቤተሰብ አንዲት ምንም የማትሠራ ትእዛዝ ብቻ ጎድላው፣ ያችን የያዘ ፕሮግራም ይገድልባቸው ነበር።

ትልልቆቹም ወደዚያው እየሄዱ ነው። ሬድ ሃት በ2022 ባወጣው 9ኛ የሊነክስ እትሙ ከመጀመሪያዎቹ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች የሚበልጥ አቅም ጠየቀ፤ በ2025ቱ 10ኛ እትም ደግሞ ኤቪኤክስ-2 የሌለውን ማሽን ከደጅ መለሰው። ይህም የአንድ ፍላግ ውሳኔ ነው። ተቃራኒውን የሚያሳየው ቴሰራክት የተባለው የጽሑፍ ማንበቢያ ነው። በ2018 የወጣው 4.0 እትሙ አማርኛም ትግርኛም ያነባል፤ ፈጣን ትእዛዞችን የሚጠቀሙትን ጥቂት ፋይሎች ብቻ ለይቶ በየራሳቸው ፍላግ ይሠራና፣ ሲነሣ ፕሮሰሰሩን ጠይቆ የሚችለውን ይመርጣል። አሮጌዋ ማሽን ትዘገያለች እንጂ አትሞትም። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተሰበረ ፕሮግራምን «ሌላ እትም አውርድ» ማለት ምክር አይሆንም፤ በእጅ ያለው ፍላሽ ላይ ያለው ነው።

ስለዚህ ጎንደር፣ ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ለቆላው ጤና ጣቢያ፣ ለሰሊጥ መጋዘን፣ ለትምህርት ቤት ሶፍትዌር የምትሠሩ ሁሉ፦ «ማርች ኔቲቭ»ን ለገዛ ማሽናችሁ ብቻ አቆዩት። ለሰው የምትሰጡትን በተራው 64 ቢትና በ«ኦ-2» ሥሩ፤ በቢሯችሁ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳትሞክሩ አትላኩ። ከፕሮግራሙ ጎን የኮምፓይለሩን እትምና የሰጣችሁትን ፍላግ ሁሉ የያዘ አንድ የጽሑፍ ፋይል አኑሩ። ያ ቢሰለቻችሁ እንኳ ጂሲሲ «ሪኮርድ ጂሲሲ ስዊችስ» የተባለ ፍላግ አለው፤ የተሠራበትን ፍላግ ሁሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ራሱ ጽፎ ያስቀምጣል።